«መብራት መጣ!» ሲባል ተኩላውም ይመጣል፦ የዘ ሎንግ ዳርክ ቀኖና እና የክብደት ደረጃዎቹ

ጅማ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ «መጣ!» የሚለው ጩኸት ከፈረንጅ አራዳ እስከ ኮቺ ይቀባበላል። ዘ ሎንግ ዳርክ በተባለው የኮምፒውተር ጌም ውስጥ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሌሊት ሰማዩ አረንጓዴ ለብሶ ሲወዛወዝ፣ ሙት የነበረው አምፖል ብልጭ ድርግም ሲል፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ኮምፒውተር በራሱ ሲነሳ፣ የሚሻለው በር ዘግቶ መቀመጥ ነው። ኦሮራው ነዋ፣ የሰሜን ብርሃን የሚባለው። ኤሌክትሪኩን የቀሰቀሰው ያው ኃይል ተኩላውንም ያሳብደዋል፤ መሬት ላይ የተበጠሰው ሽቦም ብልጭታ እየተፋ የነካውን ሁሉ ያቃጥላል።

ይህን ጌም የሚጫወት ሰው ሁለት ሆኖ ከተቀመጠ ክርክሩ ወዲያው ይጀመራል፦ እውነተኛው ታሪክ የትኛው የክብደት ደረጃ ላይ ያለው ነው? ተኩላ የሚሸሽበት ፒልግሪም ወይስ ጠመንጃ የማይገኝበት ኢንተርሎፐር? የሁለቱ ዓለም አንድ ከሆነ እንዴት ይታረቃል? መላምቱ ብዙ ነው፤ ከፊሉ ብልህ፣ ከፊሉ ደግሞ አንድ ሰዓት ጨዋታ የሚያፈርሰው።

ጌሙን ለማያውቅ በአጭሩ፦ ሠሪው ሂንተርላንድ የተባለ፣ ካናዳ ቫንኩቨር ደሴት ላይ ያለ ስቱዲዮ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ግሬት ቤር በምትባል በሰሜን ካናዳ እንዳለች ተደርጋ በተፈጠረች ደሴት ላይ ነው። የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ያናወጠ አደጋ ደርሶ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር ሁሉ ቆሟል። ዊንተርሚዩት የሚባለው የታሪክ ክፍል የትንሽ አውሮፕላን አብራሪውን ዊል ማኬንዚንና ሐኪሟን አስትሪድ ግሪንውድን ይከተላል። አብረው ሲበሩ አደጋው ያገኛቸዋል፣ ይወድቃሉ፣ ይጠፋፋሉ። ሰርቫይቫል የሚባለው ሌላው ክፍል ግን ገጸ ባሕርይም ሴራም የለውም። አንድ ሰው፣ አንድ ነፍስ፣ በረዶ። ከመነሻው፣ ከሞታችሁ ሴቩ (የተቀመጠው ጨዋታ) ይጠፋ ነበር፣ አለቀ።

ሰርቫይቫል ላይ ደረጃዎቹ ፒልግሪም፣ ቮያጀር፣ ስቶከርና ኢንተርሎፐር ናቸው፤ ኋላ ሚዘሪ ተጨመረ፣ እሱም ኢንተርሎፐርን ይዞ የማይድኑ ሕመሞችን የሚደራርብ ነው። ታሪኩ የራሱ ሦስት ደረጃ አለው። እዚያ ግን ክርክር የለም፤ በቀላሉም ሆነ በከባዱ ብትጫወቱ ዋናው ነገር ያው ነው፣ የሚለወጠው ረሃቡና ብርዱ ብቻ። ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው ሰርቫይቫል ላይ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። ተጫዋቾች «ካነን» የሚሉትን እኛ ድሮም ቀኖና እንለዋለን፤ ስለ 81ዱ መጻሕፍት ሲነሳ የምንሰማው ቃል ነው። ከዚያው ቤት ሌላም የሚጠቅም ነገር አለ፦ አንድምታ። መምህሩ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያለ ትርጓሜውን ሲያወርድ ንባቡን ግን አይነካውም። ንባቡ ንባብ ነው፣ ትርጓሜው ትርጓሜ። የጌም መላምት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ሰዉ ንባቡን ከአንድምታው ይቀላቅላል። በጌም ደግሞ መጽሐፍ የሌለው ሦስተኛ ነገር አለ፣ የክብደት ደረጃ። እሱ ንባብም ትርጓሜም አይደለም፤ የሬድዮ ድምፅ ማስተካከያ ነው። ድምፁን ከፍ ስታደርጉት ዜናው አይለወጥም።

እንዲህ ስል ደረጃዎቹ ምንም አይናገሩም ማለቴ አይደለም። ስማቸው ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፣ ብዙ ሰው ግን ያልፈዋል። ፒልግሪም ተሳላሚ ነው፤ ወደ ኩልቢ ወይም ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን እንደሚሄደው ሰው፣ አውሬው የሚተወው መንገደኛ። ቮያጀር በካናዳ የአውሬ ቆዳ ንግድ ዘመን ታንኳ እየቀዘፉ ጭነት የሚያመላልሱ ሠራተኞች የሚጠሩበት የፈረንሳይኛ ስም ነው። ኢንተርሎፐርም ከዚያው ከንግዱ ሰፈር የመጣ ቃል ነው። ዛሬ «ያልተጋበዘ ጥልቅ ባይ» ማለት ይሁን እንጂ ጥንት የሚባለው የንጉሥ ፈቃድ ሳይኖረው የሌላውን ገበያ ገብቶ ለሚነግድ ሰው ነበር። የሃድሰን ቤይ ኩባንያ በ1670 የእንግሊዝ ንጉሥ የብቻ የንግድ መብት ሲሰጠው፣ ከዚያ ውጭ ቆዳ የሚገዛ ሁሉ ኢንተርሎፐር ሆነ። ለጅማ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፦ በአባ ጅፋር ዘመን ኬላውን በጓሮ ዞሮ፣ ቀረጥ ሳይከፍል ሂርማታ ገበያ የሚገባ ሲራራ ነጋዴ ማለት ነው። እንግዲህ ኢንተርሎፐርን «የመጨረሻው ሰው» ብሎ ከመተርጎም «ፈቃድ የሌለው ሰው» ማለቱ ለስሙ ይቀርባል። ይህ የኔ አንድምታ ነው፤ ንባብ ነው አላልኩም።

አሁን ወደ መላምቶቹ። በጣም ከሚወደዱት አንዱ «ፒልግሪም ከአደጋው በፊት ያለው ጊዜ ነው» ይላል። ማስረጃው መጥፎ አይደለም። በፒልግሪም ተኩላ ሰው ሲያይ ይሸሻል፤ በእውነተኛው ዓለምም ተኩላ ሰውን ማጥቃቱ ብርቅ ነው። ጌሙ ራሱ የሚታየው የአውሬ ጠባይ የገሃዱን ዓለም እንደማይወክል ተጫዋቹን ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ተኩላው ጤነኛ የሆነበት ደረጃ መግነጢሱ ከመናወጡ በፊት ነው፣ ይላሉ። ጥሩ ተገምዷል።

ለማፍረስ ግን አንድ ሌሊት ይበቃል። ፒልግሪም ጀምሩ፤ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግቡ፣ ከመጠለያነት በቀር አይጠቅምም። ቤት ግቡ፣ አምፖሉ አይሠራም። ጥርት ያለ ሌሊት እስኪመጣ ጠብቁ፣ ኦሮራው ይወጣል፤ ያኔ ያው አምፖል ይበራል። አደጋው ደርሷል ማለት ነው። ተኩላው የሸሸው ማስተካከያው እንዲሸሽ ስላለው ብቻ ነው። ከዚህ የሚወጣው ደንብ ሌሎቹንም መላምቶች ለመመዘን ያገለግላል፦ በሁሉም ደረጃ ያለ ነገር የዓለሙ ነው፤ በአንዱ ብቻ የሚታይ ነገር የማስተካከያው ነው። ኦሮራው የዓለሙ ነው። የቆመው መኪና የዓለሙ ነው። የተኩላው ድፍረት የማስተካከያው ነው፤ ተኩላ በግሬት ቤር ሰው ያጠቃ እንደሆነ ለማወቅ ታሪኩን መጠየቅ ነው፣ ታሪኩም ያጠቃል ይላል።

ሁለተኛው መላምት ይበልጥ ያከራክራል፦ «ኢንተርሎፐር ከዓመታት በኋላ ያለው ዓለም ነው።» ጠመንጃ የለም፣ ሽጉጥ የለም፣ ፋብሪካ የሠራው አደን ቢላዋና መጥረቢያ የለም፣ ክብሪት በቁጥር ነው፣ ቀን በተቆጠረ ቁጥርም ብርዱ ይብሳል። ሌሎች አልፈው ሁሉን ዘርፈውታል፤ እናንተ የደረሳችሁት ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው።

ይህን መላምት ለረጅም ጊዜ የሚያቆየው ስሜቱ ነው እንጂ ማስረጃው አይደለም። መጀመሪያ ዘራፊ እንዴት እንደሚሠራ አስቡ። ዘራፊ ጥሩውን ይወስዳል፣ የተሰበረውን ይጥላል። በታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ማኬንዚ ለሽማግሌው አዳኝ ለጀረማያ የሚጠግነው ጠመንጃ ብልሽት ያለበት ነው፤ እንዲህ ያለው ብረት ነው ከዘረፋ የሚተርፈው። ኢንተርሎፐር ላይ ግን የተሰበረ ጠመንጃም የለም፣ አንድ እንኳ። ዘራፊ አሻራ ይተዋል፤ ማብሪያ ማጥፊያ አይተውም። ሁለተኛ፣ ያ ሁሉ ዘራፊ ቢላዋውን ለቅሞ ሲሄድ የታሸገውን ምግብ ለምን ረሳ? ቁጥሩ ቢያንስም ቆርቆሮ ምግብ ኢንተርሎፐር ላይ ይገኛል፤ ለተራበ ሰው ደግሞ ከቢላዋ ይልቅ እሱ ይቀድማል። ሦስተኛ፣ እንደ ከባድ መዶሻና የብረት መጋዝ ያሉ ዋና መሣሪያዎች አዲስ ጨዋታ በጀመራችሁ ቁጥር ቦታ ይቀያየራሉ። ዛሬ መዶሻው እዚህ ቤት ውስጥ ነበር፤ ነገ ስትጀምሩ ሌላ አገር ነው። ይህ የዘረፋ ታሪክ አይደለም፣ ዕጣ ነው።

መላምቱን ከምንም በላይ የሚያስወድደው ፎርጁ ነው፤ ብረት ማቅለጫው። ኢንተርሎፐር ላይ ቢላዋ፣ መጥረቢያና የቀስት ጫፍ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ መቀጥቀጥ አለባችሁ፣ ይህም «ሥልጣኔው አልቆ ሰው ወደ ብረት ዘመን ተመለሰ» ያሰኛል። አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው፤ መላምቱን የሚያነሳውም የሚጥለውም እዚህ አለ።

ፎርጅ የምታገኙባቸው የታወቁ ቦታዎች፦ ዴሶሌሽን ፖይንት ላይ ሪከን የተባለችው በበረዶ የተያዘች መርከብ፣ ፎርሎርን ማስኬግ ላይ የስፔንስ ቤተሰብ ቤት፣ ብሮክን ሬይልሮድ ላይ የባቡር ጥገና ጋራዡ። ይዛችሁ የምትሄዱት ከባድ መዶሻ፣ ቁርጥራጭ ብረት፣ እንጨትና የድንጋይ ከሰል ነው። እሳቱ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ ፎርጁ አይሠራም። አንድ የድንጋይ ከሰል እሳቱ ላይ 20 ዲግሪ ይጨምራል፣ አንድ ሰዓት ያህልም ያነዳል። ስለዚህ በሂሳብ 8 ከሰል ይበቃል። በተግባር አይበቃም። ከሰሉን ገና በተለኮሰ እሳት ላይ መጨመር አይቻልም፤ መጀመሪያ በእንጨት ትንሽ መንደድ አለበት። ቅጥቀጣውም ሰዓት ይበላል፤ ጫፍ እየደጋገማችሁ ስትሠሩ እሳቱ ያረጃል፣ ሙቀቱ ከ150 በታች ይወርዳል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ። ከ12 ባላነሰ ከሰል ቢኬድ ይሻላል። የሁሉም ጀማሪ ስህተት ግን ከሰሉ አይደለም፤ መዶሻውን ፎርጁ አጠገብ አገኘዋለሁ ብሎ ባዶ እጁን መሄዱ ነው። የመሸከም አቅማችሁ በመደበኛው 30 ኪሎ ስለሆነ ብረትና ከሰል ተሸክማችሁ በረዶ ላይ መመለስ ሞት ነው፤ ከሰል ካለበት ዋሻ ወይም ማዕድን ማውጫ ወደ ፎርጁ በሚወስደው መንገድ ላይ አስቀድማችሁ እያጠራቀማችሁ ሂዱ።

ቀስት ለመሥራት ደግሞ፦ ለደጋኑ አንድ የደረቀ የሜፕል ቅርንጫፍና ሁለት የደረቀ አንጀት፤ ለእያንዳንዱ ፍላጻ አንድ የብረት ጫፍ፣ አንድ ዘንግና ሦስት የቁራ ላባ። አንጀቱ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ተጥሎ እስኪደርቅ 5 ቀን ይፈልጋል፤ የአጋዘን ቆዳም እንዲሁ 5፣ የተኩላ 7፣ የድብ 12። ላባውን የምታገኙት ቁራ ከሚያንዣብብበት ሥር ነው፤ ቁራ ያለበት ደግሞ ሬሳ አለ።

አሁን ወደዚያ 150 ዲግሪ እንመለስ። ጅማ ውስጥ ቡና የቆላ ሁሉ ያውቀዋል፣ ፍሬው የመጀመሪያውን ጧ ጧ የሚያሰማው ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። በ150 ቡና እንኳ በወጉ አይቆላም። ብረት ቀጥቃጭ ደግሞ ብረቱን ከ800 ዲግሪ በላይ፣ ፍም እስኪመስል ድረስ ያግላል፤ ለዚህም ወናፍ አለው። ግሬት ቤር ላይ ወናፍ የሚነፋ የለም። ቁጥሩ የብረቱ ሙቀት ሳይሆን እሳቱ ለአካባቢው የሚጨምረው ሙቀት ነው ብትሉም ያው ነው፤ እንግዲያስ አጠገቡ ቆሞ የሚቀጠቅጠው ሰው እንደ ዳቦ በተጋገረ ነበር። 150 ቁጥር የተመረጠው ከሰል ፍለጋ እንድትዞሩ ነው፣ ብረት በዚያ ስለሚቀልጥ አይደለም። አንዴ ይህ ከታያችሁ በኋላ ከጌሙ ቁጥሮች ተነስቶ የዓለሙን ዕድሜ መቁጠር ምን ያህል እንደሚያስቅ ይገባችኋል።

ሦስተኛው፣ «ተጫዋቹ ሞቷል፤ ይህ ሲኦል ነው» የሚለው ነው። ስለ ማንኛውም ጌም የሚባል ነገር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ባላጠፋበት ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ከጀርባው ያለው ስሌት ደስ ይላል። ሙሉ ሆድ 2500 ካሎሪ ነው። በእንቅልፍ ላይ በሰዓት 75 ካሎሪ ገደማ ይቃጠላል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሆዱ ባዶ ሆኖ የዋለ ሰው ሊተኛ ሲል 750 ካሎሪ ቢበላ 10 ሰዓት ይተኛል፤ በረሃብ ያጣውን ጤና በእንቅልፉ ይመልሳል። በነጋታው እንደገና። ረሃብ ቀስ ብሎ፣ ጥም ፈጠን ብሎ፣ ብርድ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚገድለው፤ ስለዚህ ረሃብን ችላ ማለት ያዋጣ ነበር። በቀን 750 ካሎሪ በልቶ ተራራ የሚወጣ ሰው ሕያው ሊሆን አይችልም፣ እንግዲህ ሙት ነው ተባለ።

ሠሪዎቹ ለዚህ የሰጡት መልስ ታሪክ አልነበረም፣ ሕግ ነበር። 72 ሰዓት ሙሉ ካሎሪው ዜሮ ሳይነካ የቆየ ተጫዋች «ዌል ፌድ» የሚባል ሽልማት ያገኛል፦ 5 ኪሎ ተጨማሪ የመሸከም አቅም፣ 5 ከመቶ ተጨማሪ ጤና። ከዚያ ወዲህ መራብ ዋጋ አለው። መላምቱ የቆመው በአንድ ቀዳዳ ላይ ነበር፣ ቀዳዳው ተጠገነ። ሙታን በማሻሻያ ሲነሱ ያየ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥር ከመጥቀሱ በፊት ቆም ይላል።

አራተኛው ይበልጥ ከበድ ያለ ነው፦ የሰርቫይቫሉ ሰው ራሱ ማኬንዚ ነው። ማኬንዚን የሚናገረው ማርክ ሚር በሰርቫይቫልም የወንዱን ድምፅ ይሰጣል። «ድምፁ አንድ፣ ሰውዬው አንድ።» እዚህ ላይ ግን ቀን መቁጠር ያስፈልጋል። ሰርቫይቫሉ ለሕዝብ የወጣው መስከረም 2014 ነው፤ ታሪኩ ነሐሴ 1 ቀን 2017፣ ሁለቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ሰርቫይቫሉ ሦስት ዓመት ያህል ይበልጠዋል። ማኬንዚ ተጫዋቾች ጋ ከመድረሱ በፊት ያ ድምፅ ሚስትሪ ሌክ በሚባለው የጌሙ አካባቢ ስለ ብርዱ ሲያጉረመርም ነበር። ታላቅ ወንድም ከታናሹ አይወለድም። ሊባል የሚችለው ተቃራኒው ነው፤ የታሪኩ ሰው የተቀረጸው ከሰርቫይቫሉ ሰው ነው። ይህ ስለ አሠራሩ የሚነገር ነው፣ ስለ ታሪኩ ግን አይደለም።

ከዚሁ ጋር የቻሌንጅ ክፍሎቹን ማንሳት ይገባል፣ በተለይ ዘ ሀንትድን። አንድ ድብ ከቦታ ቦታ ያሳድዳችኋል። በታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ጀረማያን የሚያሳድደው ሽማግሌ ድብ ይኸው ነው የሚሉ አሉ። በታሪኩ ድቡን የሚገጥሙበት ጦር ሰርቫይቫል ላይ የለም፤ ዘ ሀንትድም ከታሪኩ በፊት የወጣ ነው። እኔ ይህን እንደ ረቂቅ ነው የማየው፤ ሠሪዎቹ አንድ ሐሳብ በትንሹ ሞክረው ኋላ አሳድገውታል። ከቀኖና ይልቅ ከድርሳን ይቆጠር።

ጅማ ላይ ክርክሩን የሚያወሳስብ ሌላ ጉዳይ አለ፣ እሱም ሰዉ ስለ አንድ ጌም አለማውራቱ ነው። ኢንተርኔት ዋጋው ስለሚከብድ ኮፒው በፍላሽ እጅ በእጅ ይዞራል፤ አንዱ ላይ ያለው ቅጂ የ2017፣ ሌላው ላይ ያለው የትናንትና። ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ታኅሣሥ 2018 ላይ የታሪኩ የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች ሪደክስ ተብለው እንደገና ተሠርተዋል፤ ንግግሩም ተልዕኮውም ተለውጧል። ከዚያ በፊት የነበረውን ያየ ሰው የሚጠቅሰው ትዕይንት አሁን ላይኖር ይችላል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ታሪኩና ሰርቫይቫሉ ለየብቻ የሚነሱ ሁለት ፕሮግራሞች ሆነዋል፤ ሰርቫይቫል ላይ የሚጨመረው ወደ ታሪኩ አይሻገርም። ትራቮይ የሚባለው ሸርተቴና ፑማው በዚህ መንገድ የመጡ የሰርቫይቫል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ክርክር ከመጀመሩ በፊት ጌሙን ክፈቱና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን የቅጂ ቁጥር አንብቡ። ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ያልቃል።

መላምት ለመፈተን የሚመቸው ከስተም ሞድ ነው። እዚያ የዕቃውን ብዛት፣ የአውሬውን ቁጥርና ጠባይ፣ የአየሩን ጭካኔ፣ የኦሮራውን ድግግሞሽ፣ ጠመንጃ ይኑር አይኑርን አንድ በአንድ መቀየር ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተዉት። ያንኑ አካባቢ ምረጡ፣ ለምሳሌ ሚስትሪ ሌክ፣ ሐይቁ ዳር ያለውን የካምፕ ቢሮ። መሳቢያውን፣ መደርደሪያውንና ምድር ላይ ያለውን ጻፉ። ዕቃው በየጨዋታው ስለሚለዋወጥ በአንድ ሙከራ አትመኑ፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንደገና ጀምሩ። ሦስቱም ላይ ቦታውን ያልለቀቀው ነገር ንባብ ነው፤ ያ ሲሆን የግድግዳ ጽሑፍ፣ የተገለበጠ መኪና፣ የቤት አሠራር ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሚንቀሳቀሰው ዕቃ ሁሉ ማስተካከያ ነው። ከስተም ላይ «ፊት» (feat) የሚባሉት የረጅም ጊዜ ሽልማቶች አይቆጠሩም፤ ስለዚህ ለፈተና እንጂ ለሽልማት አትጀምሩት።

መብራቱስ? ጌሙ ሴቭ የሚያደርገው ቤት ስትገቡና ስትወጡ፣ ስትተኙና ስትጎዱ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ከሆናችሁና ሜዳ ላይ እያላችሁ መብራት ከሄደ የምትመለሱት መጨረሻ ሴቭ ወደተደረገበት ቦታ ነው፣ ብዙ ጊዜም ወዳለፋችሁበት በር። ይህ ከፈተናው ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው፦ ከውጭ ያለ መኪና ውስጥ ሳጥን ከፍታችሁ ባዶ አደረጋችሁት፣ መብራት ሄደ፣ ስትመለሱ ሳጥኑ ሞልቷል። «ሌላ ሰው አለ፣ ዕቃ እየመለሰ ነው» የሚል መላምት ለመውለድ ይህ ይበቃል፤ ሌላው ሰው ግን የኤሌክትሪክ ገመዱ ነው። የተገኘ ነገር ካለ በአቅራቢያው ያለ ቤት ገብቶ መውጣት፣ ከዚያ መጻፍ። ኢንተርሎፐር ላይ የመቶ ቀን ጨዋታ ያለው ሰው ደግሞ ዊንዶውስ ላይ አፕዳታ፣ ሎካል፣ ሂንተርላንድ በሚለው መንገድ ገብቶ የሴቭ ፎልደሩን በየጊዜው ወደ ፍላሽ ይቅዳው፤ ፋይሉ እየተጻፈ መብራት ቢቋረጥ ሊበላሽ ይችላል። አንዳንዶች ይህን ማጭበርበር ነው ይላሉ። ሞቶ ለመነሳት ከሆነ አዎ፤ መብራት ላጠፋው ከሆነ እኔ አይመስለኝም።

እንግዲህ የኔ ፍርድ፦ የሆነውን የሚነግረን ታሪኩ ነው፣ እሱም የመጨረሻ ቅጂው። ሰርቫይቫሉ የሚነግረን ቦታውን ነው፤ ሚስትሪ ሌክ የት እንዳለ፣ የካርተር ግድብ ምን እንደሚመስል፣ ሚልተን ውስጥ ስንት ቤት እንደተቃጠለ። ደረጃዎቹ ምንም አይነግሩንም፣ ከስማቸው በቀር። በዚህ ሚዛን የድሮ መላምቶች አብዛኞቹ ይወድቃሉ።

አንድ ስፍራ ላይ ግን ሚዛኑ ራሱ ይንገዳገዳል። ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ ቴልስ ፍሮም ዘ ፋር ቴሪቶሪ የተባለው በገንዘብ የሚሸጥ ተጨማሪ ክፍል ታሪክን ወደ ሰርቫይቫል አስገብቷል። የመጀመሪያው ሲግናል ቮይድ ይባላል፤ በእጅ የሚያዝ አጭር ሞገድ ሬድዮ ይዛችሁ ምልክት እየተከተላችሁ የተደበቀ ነገር ትፈልጋላችሁ። ኋላም በሬድዮ የሚገኝ ነጋዴ መጣ። ሰርቫይቫል ማንም የሌለበት ዓለም ነው የሚለው የብዙ ዓመት ንባብ በዚያ ተሻረ፤ ነጋዴው ካለ አንድ ሰው ሕያው ነው፣ ሕያው ከሆነ ደግሞ ታሪኩ ውስጥ የት ነበር? «የሰርቫይቫሉ ሰው ታሪኩ ካለቀ በኋላ የመጣ ነው» የሚሉት ወገኖች አሁን በእጃቸው አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ከአራቱ መላምቶች ይልቅ ይህንን ብፈትን እመርጣለሁ።

ለመፈተን የሚነሳ ካለ፦ ሬድዮው የሚሠራው ኦሮራ ሲወጣ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ፍለጋው ሁሉ ተኩላው ባበደበት ሌሊት ነው የሚሆነው። ቀን ላይ መንገዱን እየሄዳችሁ የምትገቡበትን ዋሻና ቤት ምልክት አድርጉ። የእጅ ባትሪውም ኦሮራ ሲኖር ብቻ ነው የሚበራው፤ ሰማዩ ሲጨልም አብሮ ይጠፋል። ለመመለሻ ችቦና ቢያንስ ሁለት ፍሌር ያዙ።